ኦሃዮ ስቴት እና ሚሺገን፦ ስለ ኅዳሩ ጨዋታና ስለ ባላንጣው ትምህርት ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኅዳር ሲገባ ወሬው ሁሉ አንድ ይሆናል። ሥራ ቦታ፣ ፀጉር ቤት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ የትም ብትሄዱ ስለ ሚሺገን ነው የሚወራው። ከተማዋን ያልለመደ ሰው "ምን መጣ?" ብሎ ይደናገጣል። ልጁን ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅም ልጁ በአንድ ጨዋታ ምክንያት ምግብ ሲያስጠላው አይቶ ይጨነቃል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች አፍ በየዓመቱ የምንሰማቸው ናቸው።

ከወዲሁ ይታወቅ፤ መላሹ የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ነው። ቢሆንም ሰፊው ቦታ የተሰጠው ለሚሺገን ታሪክ ነው። ባላንጣውን ያላወቀ ሰው ይህ ሁሉ ጉጉት ከየት እንደሚመጣ አይገባውም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሁሉ ግርግር የምን ጨዋታ ነው?

የኮሌጅ ፉትቦል ነው፤ የአሜሪካው፣ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት። የኮሎምበሱ ኦሃዮ ስቴት እና የአን አርበሩ ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ በዓመት አንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ቀኑ ከታንክስጊቪንግ፣ ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ነው። የመደበኛው ውድድር መዝጊያ ማለት ነው። አንድ ዓመት ኮሎምበስ፣ አንድ ዓመት አን አርበር። ሁለቱ ከተሞች በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ይራራቃሉ። ሰዉ "ዘ ጌም" ብቻ ይለዋል፤ የትኛው ጌም ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከአገር ቤት ለመጣ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደርቢ ይበቃዋል ለመረዳት። ልዩነቱ እዚህ የመልስ ጨዋታ የለም። የተሸነፈ ሰው ሽንፈቱን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። በመሐል ሌላ አሥር ጨዋታ ቢያሸንፍም አይረሳለትም። በገና፣ በፋሲካ፣ በሰርግ ላይ ሳይቀር ሙድ ይያዝበታል።

የተማሪዎች ጨዋታ እንዴት ይህን ያህል ሰው ይሰበስባል?

ስታዲየሞቹን ማየት ይበቃል። የኦሃዮ ስቴት ከ102,000 በላይ ሰው ይይዛል። የሚሺገን ከ107,000 በላይ፤ በአሜሪካ ምድር ከሱ የሚበልጥ የለም። ኮሎምበስ ደግሞ የራሷ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን የላትም። እነሱ ያሉት ክሊቭላንድና ሲንሲናቲ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ፍቅር ሙሉ በሙሉ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ግቢውን ረግጦ የማያውቅ ጎረቤታችሁ "እኛ ዘንድሮ መከላከሉ ላይ ደህና ነን" ቢላችሁ አትገረሙ። እዚህ ሁሉም "እኛ" ነው የሚለው።

ተጫዋቾቹ ይከፈላቸዋል?

አዎ፣ አሁን። ድሮ ነፃ ትምህርት ብቻ ነበር። ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ ስማቸውንና መልካቸውን ለማስታወቂያ ሸጠው ገንዘብ መቀበል ተፈቀደላቸው። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። አንዳንዱ ልጅ ከሚያስተምሩት ፕሮፌሰሮች በላይ ያገኛል። ያበሳጫል የሚል አለ። እኔ በበኩሌ መቶ ሺህ ሰው ትኬት እየገዛ ልጆቹ በባዶ ኪስ የሚሮጡበት ዘመን ነበር የሚያበሳጨው እላለሁ።

ሕጉ አይገባኝም። ባጭሩ?

በየቡድኑ 11 ሰው ይገባል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ዕድል አለው። ከተሳካለት ሌላ አራት ዕድል ያገኛል። እየገፋ መጨረሻው ክልል ከገባ ታችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ። ከዚያ ኳሷን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሐል ካሳለፈ 1 ይጨመርለታል። መምታቱን ትቶ እንደገና ተጫውቶ ከገባ ግን 2። ታችዳውን አልሆን ሲለው ከሩቅ መትቶ ካሳለፈ 3 ያገኛል። አራቱም ዕድል እንደማያዋጣ የገባው ቡድን ኳሷን በእግሩ ጠልዞ ሩቅ ይልካታል፤ ባላጋራው ከዚያ ይጀምራል። ይቺን ያዙልኝ። በረዶው ላይ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

አራት ሩብ አለው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ሰዓቱ እየቆመ ስለሚሄድ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ።

ሚሺገን ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?

ይህን ጥያቄ ኮሎምበስ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ እንጂ መልሱ ያኮራል። የተመሠረተው በ1817 ዲትሮይት ውስጥ ነው። ሚሺገን ራሷ ክፍለ ግዛት ሆና አሜሪካን የተቀላቀለችው በ1837 ነው። ዩኒቨርሲቲው ከግዛቲቱ በ20 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። በዚያው በ1837 ወደ አን አርበር ተዛወረ። ኦሃዮ ስቴት በ1870 የግብርናና የሜካኒክ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ሚሺገን ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ነበር። "እናንተ የገበሬ ኮሌጅ" የሚለው ንቀት መነሻው እዚህ ጋ ነው። የኛ ሰዎች እስከ ዛሬ አልዋጥ ያላቸው እሱ ነው።

ፉትቦሉም ላይ እንደዚያው ቀደሙን። ሚሺገን በ1879 መጫወት ጀመረ፣ ኦሃዮ ስቴት በ1890። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1897 አን አርበር ላይ ተገናኙ። 34 ለ 0 ተሸነፍን። በ1901 ፊልዲንግ ዮስት የሚባል አሰልጣኝ መጣላቸው። ያ ቡድን በዚያ ዓመት በድምሩ 550 ነጥብ ሲያስቆጥር የገባበት ዜሮ ነው። አንዲት ነጥብ የለችም። በ1902 ደግሞ እኛን 86 ለ 0 ቀጡን። የኦሃዮ ስቴት የትምህርት ቤት መዝሙር ግጥም የተጻፈው ከዚያ ሽንፈት ሲመለሱ ባቡር ላይ ነው ይባላል። ሰው አንጀቱ ሲቃጠል ይገጥማል፤ ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

እስከ 1918 ድረስ 15 ጊዜ ተገናኝተው ኦሃዮ ስቴት አንድም አላሸነፈም። ሁለቴ እኩል ወጣ፣ 13 ጊዜ ተሸነፈ። በ1919 ቺክ ሃርሊ የሚባል የኮሎምበስ ልጅ መጥቶ 13 ለ 3 አሸነፈልን። ከተማው አበደ። ትልቁ ስታዲየም የተሠራው በዚያ ልጅ ፍቅር ነው ማለት ይቻላል። በ1922 ሲመረቅ ለምርቃቱ የተጠራው ማን ይመስላችኋል? ሚሺገን። መጥቶ 19 ለ 0 አሸንፎ ሄደ። በ1927 እነሱ ስታዲየማቸውን ሲያስመርቁ እኛን ጠሩን፤ 21 ለ 0 ሸኙን። በገዛ ድግስህም በሰው ድግስም ተሸንፈህ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ኖቬምበር 2023 ላይ ሚሺገን 1,000 ጨዋታ በማሸነፍ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። ብንጠላውም ሐቁ ይኸው ነው።

የሚያሳፍር ታሪክስ የለውም?

አለው። በ1934 የጆርጂያ ቴክ ቡድን አን አርበር መጥቶ ሊጫወት ሲል "ጥቁር ተጫዋች ካለ አንጫወትም" አለ። ሚሺገን ዊሊስ ዋርድ የሚባል ጎበዝ ጥቁር ተጫዋች ነበረው። ዩኒቨርሲቲው ለጥያቄው እጁን ሰጠ፤ ዋርድን አስቀመጠው። የቡድኑ ጓደኛውና ወዳጁ ጄራልድ ፎርድ በዚህ ክፉኛ አዘነ፤ አልጫወትም እስከማለት ደርሶ ነበር። አዎ፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፎርድ ነው። ሚሺገን ያንን ጨዋታ አሸነፈ። የዓመቱ ብቸኛ ድሉ ግን እሱ ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮሎምበስ ላይ 34 ለ 0 ተቀጣ።

ፍርዱን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት ግን አይሆንም። በዚያው ሰሞን ጄሲ ኦወንስ ኦሃዮ ስቴት ይማር ነበር። ዓለም ያጨበጨበለት ሯጭ ጥቁር በመሆኑ ግቢው ውስጥ ማደሪያ አልተሰጠውም። ሜይ 25 ቀን 1935 ዓ.ም. ይኸው ልጅ አን አርበር ሄዶ ለኦሃዮ ስቴት ተወዳደረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፣ አንድ ተስተካከለ። የርዝመት ዝላዩ 8 ሜትር ከ13 ሲሆን 25 ዓመት ሳይሰበር ቆየ። በርሊን ላይ አራት ወርቅ የወሰደው በዓመቱ ነው። አትሌቲክስ ለሚወድ የኛ አገር ሰው ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሁሉ ይቺ ቀን ትበልጣለች ባይ ነኝ። የኦሃዮ ልጅ፣ በሚሺገን ሜዳ።

ሚሺገን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኦክቶበር 14 ቀን 1960 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ለምርጫ ቅስቀሳ አን አርበር ደረሱ። ተማሪው በሺዎች ሆኖ ሲጠብቃቸው አመሸ። ኬኔዲ የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆመው ያልተዘጋጁበትን ጥያቄ ጠየቁ። ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ በድሃ አገሮች ለማገልገል ፈቃደኛ ናችሁ የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ፊርማ አሰባስበው ሐሳቡን ገፉበት። በ1961 ፒስ ኮር፣ በኛ አጠራር የሰላም ጓድ፣ ተቋቋመ።

በ1962 መስከረም ላይ ከ270 በላይ የሰላም ጓድ አባላት አዲስ አበባ ገቡ። አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነው ተመደቡ። በጃንሆይ ዘመን የተማሩ ወላጆች ካሏችሁ እንግሊዝኛና ሒሳብ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቋቸው። የአንድ ፒስ ኮር ስም መጥራታቸው አይቀርም። የዚያ ሁሉ መነሻ የባላንጣችን ግቢ ነው። እኔም ሚሺገንን ስሰድብ እዚች ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ኦሃዮም ባዶ እጇን አይደለችም ለሚል፣ ድንቅነሽን በ1974 ሐዳር ላይ ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰን በወቅቱ ክሊቭላንድ ነበር የሚሠራው። ስለዚህ አንድ እኩል ነን።

ጠቡ ከኳስ በፊት ነው የጀመረው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። መነሻው የድንበር ክርክር ነው። ቶሊዶ ከተማ ያለችበትን ቁራሽ መሬት ሁለቱም "የኔ ነው" አሉ። በ1835 ሁለቱም ወገን ሚሊሻ አሰልፎ ፊት ለፊት ተፋጠጠ። የቶሊዶ ጦርነት ይባላል እንጂ ጦርነት እንኳን ለማለት ይቸግራል። ሰው አልሞተም። የቆሰለው አንድ የሚሺገን ምክትል ሸሪፍ ነው፤ በሰንጢ ተወግቶ። የወጋው ልጅ ስም ቱ ስቲክኒ ነው። ቱ ማለት ቁጥር ሁለት። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ዋን ይባላል። አባትየው ለስም የሚጨነቅ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ዋሽንግተን ገላገለቻቸው። ቶሊዶ ለኦሃዮ ሆነች። ሚሺገን ክፍለ ግዛት መሆን ስለፈለገች ይህን መቀበል ግድ ሆነባት። በምትኩ በስተሰሜን ያለው ሰፊ ልሳነ ምድር ተሰጣት። ያኔ ተታለልን ብለው አለቀሱ፤ በኋላ መዳብና ብረት ሲወጣበት ዝም አሉ። ኦሃዮ ቶሊዶን ወሰደች፣ ሚሺገን ማዕድን። ማን እንዳተረፈ ዛሬም ያከራክራል፤ ቶሊዶ ውስጥ ደግሞ አንዱ ቤት ለኦሃዮ፣ ጎኑ ያለው ለሚሺገን ባንዲራ ሰቅሎ ታያላችሁ።

የበረዶው ጨዋታ የሚሉት ምንድን ነው?

ኖቬምበር 25 ቀን 1950፣ ኮሎምበስ። ውሽንፍሩ መስመሩን ሸፍኖታል፣ ሜዳው ነጭ ሆኗል፣ እጅ ደንዝዟል። ይቅር ሳይባል ተጫወቱ። ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጥለዛ እዚህ ነገሠ። ሁለቱም ኳስ መያዝ ስለፈሩ ባገኙት ቁጥር ይጠልዟታል። በአንድ ጨዋታ 45 ጊዜ ተጠለዘች። ሚሺገን አንድ ጊዜ እንኳን 10 ያርድ ገፍቶ አዲስ ዕድል አላገኘም፤ አንድ የተሳካ ቅብብልም የለውም። ግን 9 ለ 3 አሸነፈ። ነጥቡን ያገኘው የኦሃዮ ስቴትን ጥለዛ እየደፈነ ነው። ምንም ሳይጫወቱ አሸነፉን ማለት ነው።

የኦሃዮ ስቴት አሰልጣኝ ከዚያ በኋላ ለቀቀ። በቦታው ዉዲ ሄይስ የሚባል ሰው መጣ። ነገሩ ሁሉ የተለወጠው ያኔ ነው።

ዉዲና ቦ እነማን ናቸው?

ዉዲ ሄይስ ከ1951 እስከ 1978 ኦሃዮ ስቴትን አሠለጠነ። ቁጡ ነበር። ታሪክ ያነባል፣ ወታደር ይወዳል፣ የሚሺገንን ስም አይጠራም። "ያ ከወደ ሰሜን ያለው ትምህርት ቤት" ነበር የሚለው። አንድ ቀን ማታ ሚሺገን ውስጥ ነዳጅ ሊያልቅበት ሲል "እዚህ አገር ሳንቲሜን አላወጣም፤ መኪናውን እየገፋሁ ድንበር እሻገራለሁ" አለ እየተባለ ይተረካል። እውነት ይሁን አይሁን ማንም ግድ የለውም። በ1968 50 ለ 14 እያሸነፈ እንኳን መጨረሻ ላይ ባለ 2 ነጥቡን ሙከራ መርጧል፤ ይሄ የተመዘገበ ነው።

ቦ ሼምቤክለር የኦሃዮ ልጅ ነው፣ ባርበርተን የተወለደ። በዉዲ ሥር ተጫወተ፣ በዉዲ ሥር ምክትል ሆኖ ሠራ። በ1969 ሚሺገን ወስዶ ዋና አሰልጣኝ አደረገው። ደቀ መዝሙሩ ባላንጣ ሆነ። ኦሃዮ ስቴት ያን ዓመት አን አርበር የሄደው ካለፉት ዓመታት ጀምሮ 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነው። በዓለም የሚያቆመው ያለ አይመስልም ነበር። ቦ 24 ለ 12 አሸነፈው። ዉዲ ይህንን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም።

ከዚያ እስከ 1978 ያሉት አሥር ግጥሚያዎች የአሥር ዓመት ጦርነት ይባላሉ። ሚሺገን 5፣ ኦሃዮ ስቴት 4፣ አንድ እኩል። እኩል የወጡት በ1973 ሲሆን ሁለቱም ያልተሸነፉ ነበሩ፤ 10 ለ 10። ካሊፎርኒያ ወደሚደረገው ትልቁ የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ፣ ወደ ሮዝ ቦውል፣ ማን ይሂድ የሚለውን የሊጉ የስፖርት ኃላፊዎች በድምፅ ወሰኑና ኦሃዮ ስቴት ተመረጠ። ሚሺገኖች ዛሬም ይህን ሲያነሱ ዓይናቸው ይቀላል። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን የኔም ይቀላ ነበር።

የዉዲ መጨረሻ አላማረም። በ1978 መጨረሻ በአንድ ጨዋታ ላይ የባላጋራውን የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲን ተጫዋች በቡጢ መታ፤ በማግስቱ ተባረረ። ቦ ግን ክፉ አላወራበትም። ቦ የሞተው ኖቬምበር 17 ቀን 2006 ነው። በማግስቱ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺገን አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሊጋጠሙ ነበር። ኮሎምበስ ስታዲየም ውስጥ የጠላት አሰልጣኝ ታሰበ፣ ሕዝቡ በጸጥታ ቆመ። ከዚያ ተጫወቱ፤ 42 ለ 39 ኦሃዮ ስቴት።

በኅዳር ግቢው ውስጥ "ኤም" የሚለው ፊደል ላይ ለምን ቀይ ምልክት ይለጠፋል?

የሚሺገን መነሻ ፊደል ስለሆነ። የጨዋታው ሳምንት ሲደርስ ተማሪዎች በየሕንፃው ስም ላይ ያለውን ኤም ሁሉ በቀይ ፕላስተር ይሰርዙታል። የዉዲ ውርስ ነው መሰለኝ።

አስቂኙ ነገር ግን ወዲህ ነው። የኦሃዮ ስቴት ማርሽ ባንድ ሜዳ ላይ በሰልፍ "ኦሃዮ" ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ አንድ ባለ ትልቅ ጡሩምባ እየተንጎማለለ ሄዶ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ ያለችው የ"አይ" ፊደል ነጥብ ይሆናል። ሰው ያለቅሳል ያን ሲያይ። ከ1936 ጀምሮ የኛ መለያ ነው። ግን ከዚያ በፊት በ1932 እዚያው ስታዲየም ውስጥ ይህን ጽሑፍ በሰልፍ የሠራው የሚሺገን ባንድ ነበር።

የወርቅ ሱሪው ምንድን ነው?

ሚሺገንን ያሸነፈ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች ሁሉ ትንሽዬ የወርቅ ሱሪ ጌጥ ይሰጠዋል። በ1934 አዲስ የመጣው አሰልጣኝ ፍራንሲስ ሽሚት ሚሺገንን ስለመፍራት ሲጠየቅ፣ እነሱም እንደኛ ሱሪያቸውን በየተራ እግራቸውን እያስገቡ ነው የሚለብሱት አለ። በዚያው ዓመት አሸነፈ፣ ልማዱም ቀጠለ። አራት ዓመት ተምሮ አንድ ሱሪ እንኳን ሳይይዝ የተመረቀ ተጫዋች አንገቱን ይደፋል። ይህ ደግሞ ቅርብ ጊዜ ደርሷል።

ታዲያ ሰሞኑን ለምን እንዲህ ተጋጋለ?

ከ2012 እስከ 2019 ኦሃዮ ስቴት ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ጨዋታው እንኳን ጉጉቱ ቀዝቅዞ ነበር። በ2020 በኮቪድ ተሰረዘ። ከዚያ በ2021 በረዶ ውስጥ ሚሺገን 42 ለ 27 ገነደሰን። በ2022 ኮሎምበስ መጥተው 45 ለ 23። በ2023 30 ለ 24። በዚያ ዓመት ሚሺገን የተቃራኒ አሰልጣኞችን የእጅ ምልክት ሰው ልኮ ያስቀዳ ነበር ተብሎ ትልቅ ቅሌት ተነሳ፤ አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ ለሦስት ጨዋታ ታግዶ ከኛ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ሜዳ አልገባም። ያም ሆኖ አሸነፉ፤ የአገሪቱን ሻምፒዮናም ወሰዱ።

የ2024ቱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሚሺገን ያን ዓመት ደካማ ነበር፤ 6 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነው የመጣው። ኮሎምበስ ላይ 13 ለ 10 አሸነፈ። አልፎም ባንዲራውን የሜዳችን መሐል ላይ ሊተክል ሲል ድብድብ ተነሳ፣ ፖሊስ የሚያቃጥል ጋዝ ረጨ። ነገሩ የሚገርመው ኦሃዮ ስቴት ከዚያ ሽንፈት ተነስቶ በአሥራ ሁለት ቡድኖች የማጣሪያ ውድድር አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫ ይዞ የሚሺገን ነገር ግን አልወጣለትም። "ሻምፒዮን ነን" ስትል "ማን አሸነፋችሁ?" ይሉሃል። በኖቬምበር 2025 አን አርበር ላይ 27 ለ 9 ካሸነፍን በኋላ ነው ከተማው በደንብ የተነፈሰው። በ2026 ተራው የኮሎምበስ ነው፤ ቆጠራውም ያኔውኑ ተጀምሯል።

በጠቅላላው ማን ይመራል?

ሚሺገን። እስከ 2025 ድረስ 62 ድል አለው፤ ኦሃዮ ስቴት 52፣ እኩል 6። የ2010 ድላችን በቅጣት ተሰርዟል። ሜዳ ላይ ግን አሸንፈናል፣ ያየ አይቷል።

ጨዋታ ለማየት ተጠርቻለሁ። ምን ልልበስ? ምን ይዤ ልሂድ? እየጾምኩ ነው።

ቀይ ወይም ግራጫ ልበሱ። ሰማያዊ ጃኬት ብቻ ካላችሁ በሩ ላይ አውልቁት። ሰው "ኦ ኤች!" ብሎ ከጮኸባችሁ "አይ ኦ!" ብላችሁ መልሱ፤ ሌላ የሚጠበቅባችሁ የለም።

ጾሙን በተመለከተ፣ የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ጨዋታው የሚውለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 እና 30 መሐል ባለ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጾም ላይ ነው የሚወድቀው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የዶሮ ክንፍና አይብ ብቻ ነው የምታገኙት። መፍትሔው የምስር ሳምቡሳ ነው። በርከት አድርጋችሁ ያዙ፤ ፈረንጆቹ ከክንፉ በፊት እሱን ይጨርሱታል። የኦቾሎኒ ቅቤ በቸኮሌት ተነክሮ የሚሠራው ባካይ የሚባለው ከረሜላ የጾም ሊመስል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የላም ቅቤ ስለሚገባበት ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ያለ ሰው በስንት ሰዓት ያየዋል?

ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በኦሃዮ እኩለ ቀን ላይ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሪያድም እንደዚያው፤ ዱባይ ያሉ አንድ ሰዓት ይጨምሩ፣ ቴል አቪቭ ያሉ አንድ ሰዓት ይቀንሱ።

ልጄ ሚሺገን ተቀባይነት አገኘ። ምን ላድርግ?

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከአገሪቱ ምርጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው ከባድ ስለሆነ የገንዘብ ድጋፉን ደብዳቤ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ።

የጎረቤት አፍ ካስፈራችሁ ይህን መልሱላቸው። በ1991 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው የሚሺገኑ ዴዝመንድ ሃዋርድ የክሊቭላንድ ልጅ ነው። በ1997 ያንኑ ሽልማት የወሰደው ቻርልስ ዉድሰን የፍሪሞንት፣ ኦሃዮ። ቦ የባርበርተን። ሃርቦ ደግሞ የተወለደው ቶሊዶ ነው፤ በዚያች ኦሃዮ ተሟግታ በወሰደቻት ከተማ። ሚሺገን እኛን ሲያሸንፍ የኖረው በኛው ልጆች ነው። የናንተም ልጅ አንድ ይጨመርላቸው፤ ለታንክስጊቪንግ ቤት ሲመጣ ግን ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ይተወው።